«ስንት ጎማ ትችላለች?» ለአሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና የጎማ፣ የቸርኬና የከፍታ አመራረጥ

በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄ ጥያቄ ይመጣብኛል። አንዱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጥላ ስር ሻይ ስጠጣ ያገኘኛል፤ ሌላው ከሐረር ፎቶ ይልካል። «አቦ፣ ይቺ ላንድክሩዘር ስንት ጎማ ትችላለች? ስንት ሴንቲ ላንሳት?» እኔ ደግሞ ሁልጊዜ በጥያቄ እመልሳለሁ። ምን ትጭናለህ? የት ትነዳለህ? ሰውየው ይሰለቻል፤ እኔም ይሰለቸኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የድሬ ልጅ ነኝና አንቱታ አይሆንልኝም። «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እህቶቼ እያነበባችሁ አስተካክሉት።

ከመጀመራችን በፊት ቅደም ተከተሉን ያዝ። መጀመሪያ የመኪናዋ ሥራ፣ ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ ቸርኬ (ጎማው የሚታሰርበት ብረት)፣ መጨረሻ ላይ ከፍታ። አብዛኛው ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል። መኪናዋን ያነሳል፤ ከዚያ ክፍተቱን የሚሞላ ጎማ ይፈልጋል፤ ከዚያ ጎማውን የሚይዝ ቸርኬ ይፈልጋል። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ምሳሌዎቼ በብዛት ከላንድክሩዘር 40 ናቸው። በፈረንጆች ከ1960 እስከ 1984 የተሠራችው፣ አጭሯም ረጅሟ ፒካፕም ማለቴ ነው። የድሮ ላንድሮቨር ላለው ሰው ልዩነቱን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜትር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ
- ቀጥ ያለ ረጅም ብረት ወይም ጣውላ
- ጠመኔ
- የሚታመን የአየር መለኪያ። የጎሚስታው ሳይሆን የራስህ ይሁን፤ ደረጃ 8 ላይ መንገድ ላይ ያስፈልግሃል።
- ክሪክ፣ ጠንካራ የእንጨት ድጋፎችና ጎማ መከልከያ ድንጋይ
- የጎማ መፍቻ
- ትንሽ ጭቃ ወይም የረጠበ ኖራ (ለሙከራው ነው)

1. የመኪናዋን ሥራ ጻፍ

በወረቀት ጻፈው፤ በጭንቅላት አይሆንም። ከአሥር ቀን ስንቱን አስፋልት ላይ ነች? ስንቱን ድንጋይ፣ ስንቱን አሸዋ፣ ስንቱን ጭቃ ላይ? ስንት ኪሎ ትጭናለች?

ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ድሬ ከባሕር ጠለል ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር አካባቢ ነህ። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ያጣል፤ አየሩ ስስ ነው። በዚህ ላይ ትልቅ ጎማ ስትጨምርበት አስበው። ሥራህ ድሬ ሐረር ምልልስ ከሆነ ትልቅ ጎማ ጠላትህ ነው። ከሽኒሌ ወዲያ አሸዋ ላይ የምትውል ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው። በክረምት የሐረማያን ጭቃ የምትረግጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ።

ከቻልክ የተጫነችውን መኪና ሚዛን ላይ አውጣት። የፊቷን ለብቻ፣ የኋላዋን ለብቻ አስመዝን። የኋላው ቁጥር ደረጃ 4 ላይ ያስፈልግሃል።

2. ያለህን ለካ

ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁማት። ባዶ ትሁን፣ አየሯ የተስተካከለ ይሁን። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ከንፈር ቀጥ አድርገህ ለካ። አራቱንም ጎማ። ቁጥሮቹን ጻፍ።

ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ አትለካ። የጎማው ማለቅና የአየሩ ማነስ ልኬቱን ያበላሹብሃል። ከቸርኬ መሃል ስትለካ ግን የምታየው ባሌስትራውን (መኪናዋን የሚሸከመውን የተደራረበ ቅጠል ብረት) ብቻ ነው።

ግራና ቀኙ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ባሌስትራ ደክሟል ወይም የተሰበረ ቅጠል አለ። እሱን ሳታስተካክል ወደፊት አትሂድ። የሹፌሩ ጎን ዝቅ ብሎ ማግኘት የተለመደ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የተቀመጠበት እዚያ ነዋ።

3. የጎማውን ቁመት ምረጥ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚመዘዝ ነው።

የጎማ ቁጥር ማንበብ ቀላል ነው። 235/85 አር 16 ማለት ስፋቱ 235 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 85 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ነው። ሙሉ ቁመቱን ለማግኘት 235 በ0.85 አባዛ፣ በ2 አባዛ፣ 406 ደምር። 406 የ16 ኢንች ቸርኬ ቁመት በሚሊ ሜትር ነው። ወደ 806 ይመጣልሃል፤ 80.6 ሴንቲ ማለት ነው።

እዚህ አገር የምታገኛቸው ልኮች እንደዚህ ናቸው፤ ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ይለያያል።

- 7.00-16፦ ወደ 78 ሴንቲ
- 31×10.5 አር 15፦ ወደ 79 ሴንቲ
- 265/75 አር 16፦ ወደ 80 ሴንቲ
- 7.50-16፦ ከ80 እስከ 81 ሴንቲ
- 235/85 አር 16፦ ወደ 81 ሴንቲ
- 33×12.5 አር 15፦ ወደ 84 ሴንቲ
- 255/85 አር 16፦ 84 ሴንቲ

አሁን ሰው የሚረሳውን ልንገርህ። ከመሬት የመጀመሪያውን ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻሉ ነው። ዲፈረንሻሉ የተንጠለጠለው ጎማው ላይ እንጂ ባሌስትራው ላይ አይደለም። ስለዚህ መኪናዋን አሥር ሴንቲ ብታነሳት ዲፈረንሻሉ አንድ ሚሊ ሜትር አይነሳም። የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም በቁመቱ ጭማሪ ግማሽ። ከ7.00-16 ወደ 33 (ወደ 33×12.5 ማለቴ ነው) ብትሄድ ጎማው ስድስት ሴንቲ ያህል ይረዝማል፤ ዲፈረንሻሉ ሦስት ሴንቲ ብቻ ይነሳል። ለሦስት ሴንቲ የምትከፍለውን ደግሞ እንይ።

ጎማው በ7 በመቶ ሲረዝም ማርሽህ ሁሉ በ7 በመቶ ይረዝማል። የዲፈረንሻልህ የጥርስ ቁጥር 4.11 ከነበረ 3.83 እንደሆነ ቁጠረው። ፍሬንህም በዚያው ልክ ይደክማል፤ ጎማው እንደ ረጅም እጀታ ከበሮውን ይጠመዝዘዋልና። አራቱም እግር ላይ ከበሮ ፍሬን ያላት መኪና ቁልቁለት ላይ ይሄን በደንብ ታስታውሰዋለች። የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል። 60 ሲልህ አንተ 64 ላይ ነህ።

እኔ ራሴ በዚህ ተቀጥቻለሁ። ኤችጄ 47 ፒካፕ ነበረችኝ፤ ሞተሯ 4 ሊትር ናፍጣ። ፎቶ አይቼ 33 ገዛሁላት። ሜዳ ላይ ታምር ነበረች። ደንገጎ ላይ ግን ሁለተኛ ማርሽ እያጓራሁ፣ የጫት አይሱዙዎች ጡሩምባ እየነፉ ያልፉኝ ጀመር። ሦስተኛ አስገባለሁ፣ ትሞታለች። ሁለተኛ አስገባለሁ፣ ትጮሃለች። መሃል ማርሽ ጠፋ። ከሦስት ወር በኋላ ጎማዎቹን በኪሳራ ሸጥኩ።

ስለዚህ ለላንድክሩዘር 40 ጭነትና ዳገት ካለባት ምክሬ 7.50-16 ወይም 235/85 አር 16 ነው። ረጅም ሻንሲ ያለው የድሮ ላንድሮቨር ከመጀመሪያውም 7.50-16 ነበረው፤ እዚያው ተቀመጥ። አጭሩ ላንድሮቨር በ6.00-16 የመጣ ከሆነ ወደ 7.50 ስትሄድ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ዳገት ላይ ይሰማሃል።

33 ለማን ይሆናል? ጭነት ለሌለው፣ ሜዳና አሸዋ ላይ ለሚውል፣ ዲፈረንሻሉን ወደ አጭር ጥርስ ለመቀየር ገንዘብ ላለው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ይቅርብህ።

4. ስፋቱን፣ ዓይነቱንና የክብደት ቁጥሩን ምረጥ

ሰፊ ጎማ ያምራል። እኛ አገር ግን ጠባብና ረጅም ጎማ ይሻላል ባይ ነኝ። ሦስት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ሰፊ ጎማ ጎኑን ለድንጋይ ያጋልጣል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ አይጠገንም። ሁለተኛ፣ ጠባብ ጎማ ስሱን ጭቃ ቆርጦ ጠንካራውን መሬት ይረግጣል። ሦስተኛ፣ ጉልበት ማገዣ የሌለው መሪ በሰፊ ጎማ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ማዞር ክንድ ይገነጥላል። ሐረር ጀጎል ውስጥ መዞርማ ተወው።

«አሸዋስ?» ትላለህ። አሸዋ ላይ አየር ስትቀንስ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ በብዛት የሚያድገው በርዝመቱ ነው። ረጅም ጠባብ ጎማ ስለዚህ አሸዋም ላይ አያሳፍርም።

ጥርሱስ? ለአብዛኛው ሰው መካከለኛው፣ ኤቲ የሚሉት፣ ይበቃል። የጭቃው ጎማ፣ ኤምቲው፣ አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። ከዓመት ሁለት ወር ለማትሞላ ጭቃ አሥር ወር ጩኸት መስማት የአንተ ምርጫ ነው።

ናይለን ወይስ ራዲያል? ራዲያሉ አስፋልት ላይ ይረጋጋል፣ ሙቀት ይቀንሳል። በድሬ ሙቀት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ናይለኑ ጎኑ ወፍራም ነው፤ የግራር እሾህና ስለታም ድንጋይ ይታገሳል፤ ግን ያንቀጠቅጣል። አንድ አክስል ላይ ሁለቱን አትቀላቅል። በተለይ ፊት ላይ ከቀላቀልክ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል።

የክብደት ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ ተጽፏል። 112 ማለት አንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል። 116 ማለት 1,250፣ 120 ማለት 1,400 ኪሎ። ደረጃ 1 ላይ ያስመዘንከውን የኋላ ክብደት ለሁለት አካፍል። ጎማው ከዚያ ቢያንስ ሩብ ያህል የሚበልጥ ይሁን፤ ጭነት ሁልጊዜ እኩል አይቀመጥም፣ ጉድጓድም አለ።

ዕድሜውን ሳታይ አትክፈል። ጎኑ ላይ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት መጋዘን ወይም ፀሐይ ላይ የከረመ ጎማ አዲስ አይደለም። የጎኑን ላስቲክ ወደ ውስጥ አጠፍ አድርገህ እይ፤ ስንጥቅ ካለ ተወው። ድሬ ላይ እንዲህ ዓይነቱ ጎማ የሚፈነዳው ሰኔ ቀትር ላይ ነው።

5. ቸርኬውን ምረጥ

የመጀመሪያው ብረት ቸርኬ ደህና ከሆነ አትቀይረው። ብረት ቢጎብጥ በመዶሻ ይመለሳል፤ አልሙኒየም ይሰነጠቃል። መቀየር ግድ ካለብህ አምስት ነገር ይመሳሰል።

የቡሎን ክብ። ላንድክሩዘር 40 ስድስት ቀዳዳ ነው፣ ክቡ 139.7 ሚሊ ሜትር። ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል ለካ፤ ይሄን ካገኘህ ጨርሰሃል። አምስት ቀዳዳ ሲሆን ፊት ለፊት የሚገናኝ ስለሌለ ጎረቤታሞቹን ለካ። ከመሃል መሃል 97 ሚሊ ሜትር ከሆነ የድሮ ላንድሮቨር ነው፣ ክቡ 165.1። 88 ከሆነ የአዲሶቹ ሰባ ላንድክሩዘሮች ነው፣ ክቡ 150። ከዓይን እይታ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ገዝቶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

የመሃል ቀዳዳ። በግማሽ ሚሊ እንኳ ከጠበበ በመዶሻ አታስገባው። አይቀመጥም፤ የተቀመጠ ይመስልሃል እንጂ።

ስፋት። ጎማው የሚፈልገው የቸርኬ ስፋት አለ። 7.50-16 በ5.5 እና በ6 ኢንች ይቀመጣል። 235/85 አር 16 ቢያንስ 6 ኢንች ይፈልጋል። 31×10.5 እና 265/75 ከ7 ኢንች ይጀምራሉ። 33×12.5 ከ8.5። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ስታስገባ መሃሉ ያብጣል፤ ጎማው በመሃል በኩል ብቻ ያልቃል፤ ኩርባ ላይም ይዋዥቃል።

መግቢያው፣ ኦፍሴት የሚሉት። ቸርኬውን በፊቱ ደፍተህ ጀርባው ላይ ቀጥ ያለውን ብረት አጋድም። ከብረቱ እስከ ቡሎን መቀመጫው ድረስ ለካ። ከዚያ የቸርኬውን ጠቅላላ ስፋት ከጠርዝ ጠርዝ ለክተህ ለሁለት አካፍል። የመጀመሪያው ከሁለተኛው የሚበልጥበት ኦፍሴቱ ነው። ለምሳሌ 104 ሲቀነስ 89፣ 15 ሚሊ። የአሮጌውን ቸርኬ በዚሁ መንገድ ለካና አወዳድር። አዲሱ ጎማውን ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ የሚያወጣው ከሆነ አትግዛ። ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት) ላይ ጭነት ይጨምራል፣ መሪው ይከብዳል፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ እጅህን ይመታሃል። ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ውፍረት መጨመሪያ) አስገብተህ ብታወጣውም ውጤቱ ያው ነው። ስፔሰር ደግሞ የሚላላ ተጨማሪ ነገር ነው።

ዳዶ። የብረቱ ቸርኬ ዳዶ ሾጣጣ ነው። አንዳንዱ አልሙኒየም ጠፍጣፋ ከነሮንዴላው ይፈልጋል። ቀላቅለህ ካሰርክ ጠብቆ ይሰማሃል፤ መንገድ ላይ ይላላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ባለ ቀለበት ቸርኬ። አሮጌዎቹ መኪኖች ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ክፍል የተሠራ፣ በብረት ቀለበት የሚዘጋ ቸርኬ ታገኛለህ። ይሄ ሰው ይገድላል። አየር ሲሞላ ቀለበቱ ከተፈናጠረ እንደ ጥይት ነው። ከመፈታቱ በፊት የቫልቩ ልብ ወጥቶ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይለቅ። የዛገ፣ የጎበጠ ወይም ከሌላ ቸርኬ የመጣ ቀለበት አይገጠም። ሲሞላ በብረት ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ሳጥን የሌለው ጎሚስታ ጋ አትሂድ። ቱቦው ረጅም ይሁን፣ ማንም ፊት ለፊቱ አይቁም። የሚቻልህ ከሆነ በአንድ ወጥ ቸርኬ ቀይረው። ቸርኬ ቀይር የምለው እዚህ ጋ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የድሮ ቸርኬ ጎማውን ከጠርዝ እንዳይወርድ የሚይዝ እብጠት የለውም። ቱቦ አልባ ጎማ ብታስርበትም ከመነዳሪ (አየር የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ) አስገባበት። ጎማው ራዲያል ከሆነ ከመነዳሪውም የራዲያል ይሁን፤ ሌላው ጎማው ውስጥ ይታጠፍና ይቃጠላል።

6. ከፍታውን ወስን

አሁን ከመረጥከው ጎማ ጋር የሚበቃህን ትንሹን ከፍታ ፈልግ። ትልቁን አይደለም።

መጀመሪያ ደረጃ 2 ላይ የጻፍከውን ተመልከት። አርባ ዓመት የሠራ ባሌስትራ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ብዙ ሰው «ላንሳት» የሚለው መኪናው ወደ ጥንት ቦታዋ እንድትመለስ ነው። አዲስ ባሌስትራ ከአዲስ ቦኮላ (ባሌስትራው ጫፍ የሚገባው ማቀፊያ) ጋር ስታስገባ ግማሹ ጥያቄ ይመለሳል።

ከጎማው ጋር ሲታይ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለላንድክሩዘር 40 እስከ 7.50-16፣ 235/85 ወይም 31 ድረስ፣ ባሌስትራው ጤነኛ ከሆነ ማንሳት አያስፈልግም። ጭነት በዝቶ ከነካ እስከ 5 ሴንቲ። ለ33 ከ5 እስከ 6.5 ሴንቲ፤ የኋላ ፓራፋንጎውንም መቁረጥ ሊኖር ይችላል። ፓራፋንጎ ከመቁረጥህ ወይም ጎማ ከአካሉ ውጭ ከማውጣትህ በፊት ቦሎ የምታወጣበት የምርመራ ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ። የተቆረጠ ቆርቆሮ አይመለስም።

የማንሻ መንገዶቹ አንድ አይደሉም።

- ሙሉ አዲስ ባሌስትራ፦ ውድ ነው፤ ትክክለኛው ይሄ ነው። ቅጠሉ ለጭነትህ የተመረጠ ይሁን። ባዶ ለምትሄድ መኪና የጭነት ባሌስትራ ካስገባህ አህያ ላይ የተቀመጥክ ይመስልሃል።
- የራስህን ባሌስትራ ማጎበጥ፦ ርካሽ ነው። በእሳት ግሎ ከተጎበጠና በሥርዓት ካልጠነከረ ብረቱ ኃይሉን ያጣል፤ በጥቂት ወር ተመልሶ ይተኛል ወይም ይሰበራል።
- ቅጠል መጨመር፦ ከፍታም ጥንካሬም ይሰጣል። አንድ ቅጠል እሺ። የአይሱዙ ቅጠል ሦስት ደርድሮ መጨመር ግን ባሌስትራውን ወደ ድንጋይ ይቀይረዋል። ጎማው ከመሬት እየተነሳ መያዣ ያጣል፤ ሻንሲውም ይሰነጠቃል።
- ባሌስትራው ጫፍ ያለውን ማንጠልጠያ ማርዘም፦ በጣም የተለመደው ስህተት። 5 ሴንቲ ብታረዝመው 2.5 ብቻ ታገኛለህ። በዚያ ላይ የፊቱ አክስል ይዘነበላል፤ መሪው ራሱን ወደ መሃል መመለስ ያቆማል። ደወሌ መንገድ ላይ በ80 ስትሄድ መኪናዋ እንደ ሰካራም ትወላገዳለች።
- ባሌስትራውን ከአክስሉ በላይ ማዞር፦ 12 ሴንቲ ያህል ያነሳል። መሪ፣ ፍሬን፣ ዘንግ፣ ሁሉም እንደ አዲስ መሠራት አለበት። የሠራውን ብየዳ በሕይወትህ ታምነዋለህ? ለመንገድ መኪና አልመክርም።

ከ5 ሴንቲ በላይ ካነሳህ የሚከተሉትን ሳታይ ከጋራዥ አትውጣ። የፍሬን ቱቦው ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ይበቃል? ሾክ አብዞርበሩ ተስቦ አያልቅም? የፊትና የኋላ ዘንጎች ክሮቸራቸው (የሚታጠፈው መገጣጠሚያ) ከመጠን በላይ አልታጠፈም? የመሪው ዘንግ በጣም አልተጋደመም? የፊቱ አክስል ካዘነበለ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ሽብልቅ ብረት አለ፤ ማዘንበሉን ይመልሳል።

ከእነዚህ ሁሉ የፍሬን ቱቦው ይቅደም። አጭር ቱቦ ጋራዥ ውስጥ ደህና ይመስላል። አንድ እግር ጉድጓድ ሲገባ ተወጥሮ ይበጠሳል፤ አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ አንዱ ቱቦ ሲበጠስ አራቱም ፍሬን አብሮ ሊሄድ ይችላል። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ይሄን ማየት አትፈልግም።

ስለ ሚዛንም አንድ ነገር። መኪናዋ ከፍ ባለች ቁጥር ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች። ጣሪያዋ ላይ ጭነት የምታስር ከሆነ 5 ሴንቲ ላይ ቁም።

7. ከመክፈልህ በፊት ሞክር

ሻጩን አንድ ጎማ አውሰኝ በለው። እምቢ ካለ ማስያዣ አስቀምጥ። አንዷን ጎማ ፊት ላይ ግጠማት።

የጎማውን ትከሻ ጭቃ ወይም ኖራ ቀባ። መኪናዋ በቆመችበት መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዙር። ከዚያ ያቺን ጎማ 40 ሴንቲ አካባቢ ከፍታ ያለው ጠንካራ ነገር ላይ ቀስ ብለህ አውጣት፤ ባሌስትራው እስኪታመቅ። እዚያ ላይ ሆነህ መሪውን እንደገና አዙር። እኔ በበጋ የደቻቱን ወንዝ ዳር እጠቀማለሁ፤ ከክረምት ደራሽ በቀር እዚያ የሚያጣድፍህ የለም። ከኋላም አንዷን ገጥመህ ድገመው፤ የላንድክሩዘር 40 የኋላ ፓራፋንጎ ጠባብ ነው።

ኖራው የታበሰበትን ቦታ እይ። ሻንሲውን ወይም ባሌስትራውን የነካው መሪው ሲዞር ብቻ ከሆነ የመሪ ማቆሚያውን ቡሎን ትንሽ ማውጣት ይበቃል፤ የመዞሪያ ክብህ ይሰፋል። ፓራፋንጎውን የነካው ሲታመቅ ከሆነ አንድም ጎማው በዝቷል፣ አንድም ከፍታው አንሷል። ጎማውን መቀነስ ሁልጊዜ ይረክሳል።

ስኮርታውንም (ትርፉን ጎማ) አትርሳ። አዲሱ ጎማ በመቀመጫው ይገባል? አራት ትልቅ ጎማና አንድ ትንሽ ስኮርታ ይዘህ ባቢሌ ላይ ጎማ ብትቀይር፣ አራት እግር አስገብተህ (አራቱም ጎማ እንዲጎትት አድርገህ) መንዳት አትችልም። የፊቱና የኋላው ፍጥነት ስለሚለያይ ማርሹን ያነክሰዋል።

8. ግጠም፣ አየር ሙላ፣ ደግመህ እሰር

ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ እሰር፤ አንዱን ከዚያ ፊት ለፊቱን። ቀለም የተቀባ ቸርኬ ከሆነ የዳዶው መቀመጫ ላይ ያለውን ቀለም ፋቅ። ቀለሙ ሲደቅ ዳዶው ይላላል። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመህ እሰር። ድሬ ላይ ካሰርክ ሐረር ስትደርስ ልኩ ነው። የባሌስትራው ዩ ቦልቶች አዲስ ይሁኑ፤ አንዴ የተወጠረ ዩ ቦልት ሁለተኛ አይታመንም። እነሱንም ከ100 እና ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ አጥብቅ።

አየር ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነዳ ሙላ። በቀትር የሞላ ጎማ ውሸታም ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር አየሩ 2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይጨምራል። ትክክለኛውን ልክ በጠመኔ አግኘው። ጥርሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር ስበህ አስፋልት ላይ 200 ሜትር ቀጥ ብለህ ንዳ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ አየሩ በዝቷል። ዳርና ዳሩ ከጠፋ አንሷል። ባዶና ጭነት ለየብቻ ሞክርና ሁለቱን ቁጥር በር ላይ ለጥፍ።

ሌላ ማረጋገጫም አለ። ጠዋት የሞላኸውን አንድ ሰዓት ከነዳህ በኋላ በራስህ መለኪያ ለካ። ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ መጨመሩ ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ ከጨመረ ጎማው እየሞቀ ነው፤ ጠዋት ያነሰ አየር ሞልተሃል ወይም ጭነቱ በዝቷል። ሲሞቅ ግን አየሩን አታራግፍ፤ ይብሳል።

አሸዋ ላይ ስትገባ አየር ቀንስ፤ ከመነዳሪ ካለው ግን ተጠንቀቅ። በጣም ካነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይሽከረከርና ቫልቩን ይነቅለዋል። እኔ ባዶ መኪና ላይ ከ20 ፒኤስአይ በታች አልወርድም። መሙያህን ይዘህ ግባ፤ አስፋልት ላይ ስትወጣ መጀመሪያ ሙላ፣ ከዚያ ንዳ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«አራቱን ባንዴ መግዛት አልቻልኩም፣ ሁለቱን ከኋላ ላድርግ» የሚል አለ። ቁመታቸው ከተለያየ አራት እግር ማስገባት አይቻልም፤ የማርሽ ሳጥኑን ትሰብረዋለህ። ቁመታቸው ያው ከሆነ ይቻላል።

መኪናዋን አንስቶ አሮጌውን ሾክ አብዞርበር የሚመልስ አለ። ባሌስትራው ከመውረዱ በፊት ሾኩ ተስቦ ያልቃል፤ የሚነቅለው መቀመጫውን ነው።

መሪው ሲንቀጠቀጥ ጎማ የሚቀይርም አለ። መጀመሪያ ጎማውን በክሪክ አንስተህ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ይዘህ ነቅንቅ። ላይና ታች ሲነቃነቅ ኩሽኔታው ነው ወይም ጎማው የሚዞርበት የአክስሉ ጫፍ ላይ ያለው መያዣ። ግራና ቀኝ ከሆነ የመሪው ዘንግ ጫፍ። አሮጌ መኪና ላይ ይሄ ሳይታይ ትልቅ ጎማ ሲገባ የነበረው ጥቂት መላላት ወደ እብድ መንቀጥቀጥ ይቀየራል።

የመጨረሻው ጎማና ከፍታ ባንድ ቀን የሚቀይር ነው። ሲንቀጠቀጥ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። መጀመሪያ ጎማውን ግጠም፣ ሁለት ሳምንት ንዳ። ምንም ካልነካና ከፍታ ካላስፈለገህ፣ ባሌስትራ የምትገዛበትን ገንዘብ ለፍሬን ሸራ አድርገው።